መብራቱ ለማን በራ? የምሽት የሳይንስ ቤተ መዘክር ታሪክ

ቤተ መዘክር ሲባል በአብዛኞቻችን ልቡና የሚሣለው የቀን ሥራ ነው፤ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ በመምህር እየተመሩ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሰለፉ ተማሪዎች፣ የመዝጊያው ሰዓት ሲቃረብ ቁልፍ ይዞ በሩ አጠገብ የሚቆም ዘበኛ። ቤቱ የሳይንስ ቤተ መዘክር ከሆነ ደግሞ ይህ ሥዕል ይብሱን ይጸናል። የሳይንስ ቤተ መዘክር የልጆች ቤት ተደርጎ ይቆጠራልና ትልቅ ሰው በዚያ ቢታይ ልጁን አጅቦ የመጣ እንጂ ለራሱ ሊማር የመጣ አይመስልም። ስለዚህም በ2009 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሁለት የታወቁ የሳይንስ ተቋሞች በሐሙስ ምሽት በራቸውን ለዐዋቂዎች ብቻ መክፈት ሲጀምሩ፣ ብዙም ሳይቆይ የለንደኑ የሳይንስ ቤተ መዘክር በወሩ የመጨረሻ ረቡዕ ማታ ይህንኑ ሲያደርግ፣ ነገሩ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ አዲስ ፈሊጥ ታየ። ልጆች በቤት ይቀራሉ፤ በበሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ውስጥ መጠጥ ይሸጣል፤ ሙዚቃ ይሰማል።

የማኅበራችን መጽሔት ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ሞከርሁ። የምሽቱ በር ከሁለት መቶ ዓመት የማያንስ ታሪክ አለው። ታሪኩም የመብራትና የመጠጥ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአንድ ጥያቄ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ይኸውም፣ ቀኑን በሥራ የተያዘ ሰው ወደ ዕውቀት ቤት የሚገባው በየትኛው ሰዓት ነው? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ1810 በለንደን ከተማ በአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር በውል የተቀመጠ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያልሞላ የአንጥረኛ ልጅ ነበረ። ስሙ ማይክል ፋራዴይ ይባላል። ቀኑን ሙሉ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እግረ መንገዱን ያነብባቸው ስለ ነበር ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ኬሚስትሪ የማወቅ ፍላጎት አደረበት። ሆኖም በመደበኛ ትምህርት ቤት የተማረው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበር፤ ቀኑም የጌታው እንጂ የእርሱ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ጆን ቴተም የተባለ ሰው በመኖሪያ ቤቱ፣ በምሽት፣ ስለ ተፈጥሮ ፍልስፍና ትምህርት ይሰጥ ነበር። የአንዱ ምሽት መግቢያ አንድ ሺልንግ ነው። አንድ ሺልንግ ለሙያ ለማጅ ቀላል ገንዘብ አልነበረምና የከፈለለት እንደ አባታቸው በአንጥረኝነት ይተዳደር የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። በ1812 ደግሞ ከጠራዡ ደንበኞች አንዱ የታላቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት እንዲሰማ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ ራሱ ጠርዞ ለዴቪ ላከው። የጠረዘው መጽሐፍ አማላጅ ሆነለትና በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሣሪያ ሁሉ የተመሠረተበትን የማግኔትና የኤሌክትሪክ ግንኙነት በ1831 ያገኘው ይኸው ሰው ነው። በምሽት የሚከፈት በር ባይኖር ኖሮ ይህ ሰው ወደዚያ ሥራ በምን መንገድ በደረሰ ነበር ብሎ መጠየቅ የሚገባ ይመስለኛል።

ሮያል ኢንስቲትዩሽን በ1799 የተቋቋመ የሳይንስ ማኅበር ነው። የዴቪን ትምህርት ለመስማት ከሚመጣው ሰረገላ ብዛት የተነሣ በፊት ለፊቱ ያለው ጎዳና በለንደን የመጀመሪያው የአንድ አቅጣጫ መንገድ እንደ ሆነ ይነገራል። ፋራዴይ በዚህ ተቋም ውስጥ ከፍ ወዳለ ደረጃ ሲደርስ፣ በ1825 ግድም፣ ሁለት ልማዶች እንዲጀመሩ አደረገ፤ አንደኛው ለወጣቶች በገና በዓል ሰሞን የሚሰጥ ትምህርት ሲሆን ሁለተኛው ዓርብ ማታ ለአባላትና ለእንግዶቻቸው የሚደረግ ንግግር ነው። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይኖራሉ። እንግዲህ ለልጅና ለዐዋቂ የየራሱን ሰዓት መመደብ የዘመናችን ፈጠራ አለመሆኑን አንባቢ ይገነዘባል። ፋራዴይ ልጆቹን የናቀ ሰው አልነበረም፤ የገናውን ትምህርት ራሱ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰጥቷል። ነገር ግን ለልጅ የሚነገረው አንድ፣ ለዐዋቂ የሚነገረው ሌላ መሆኑን ያውቅ ነበር።

የዓርቡ ምሽት ሥርዓት ጥብቅ ነው። ታዳሚው በልማድ የክብር ልብስ ለብሶ ይመጣ ነበር፤ ተናጋሪው ሰላምታ ሳያበዛ፣ ሰዓቱ ሲደውል፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ አንድ ሰዓት ሲሞላም ያበቃል። በ1846 ቻርልስ ዊትስተን የተባለው ሊቅ ተራው ደርሶ ሳለ ፈርቶ ከደረጃው ወጥቶ እንደ ሸሸ፣ ፋራዴይም በእርሱ ፋንታ ሳይዘጋጅ እንደ ተናገረ የሚተረክ ወሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪው ከንግግሩ በፊት በአንድ ክፍል ይዘጋበታል ይባላል። ወሬው እውነት ይሁን ጨዋታ፣ የምሽቱን ክብደት ያሳያል። ቀልድ ያልሆነው ግን በዚያ አዳራሽ የታየው ነገር ነው። በ1839 በጥር ወር አንድ የዓርብ ምሽት የፎክስ ታልቦት የመጀመሪያ የብርሃን ሥዕሎች፣ ማለት ፎቶግራፎች፣ ለታዳሚው ቀረቡ። በ1897 በሚያዝያ 30 ቀን ምሽት ደግሞ ጄ. ጄ. ቶምሰን ከአቶም ያነሰች ቅንጣት መኖሯን አስታወቀ፤ ዛሬ ኤሌክትሮን የምንላት ናት። እራት በልቶ፣ ልብሱን ለውጦ የመጣ ሰው እንደ ዋዛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ነገር ሰማ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መሸፈን የለበትም። የዓርቡ ምሽት የአባላትና የእንግዶች ነበር። እንደ ወጣቱ ፋራዴይ ያለ፣ እጁ በማጣበቂያ የተለወሰ የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ፣ የሚጋብዘው ሰው ካላገኘ በዚያ በር አይገባም ነበር።

በዚያው በለንደን በ1838 የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ከዚህ የተለየ ጠባይ ነበረው። በሬጀንት ጎዳና ላይ በነበረው በዚህ ቤት የአዳዲስ ማሽኖች ትርዒት፣ በማጉያ መሣሪያ ግድግዳ ላይ የሚታይ የውሃ ጠብታ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሰውን ይዞ ወደ ውሃ የሚጠልቅ ደወል መሰል የብረት ቤት ነበር። የከፈለ ሰው በውስጡ ተቀምጦ ከውሃው በታች ይወርዳል፤ አየሩ ሲታመቅ ጆሮውን ያመዋል፤ ወጥቶም ያወራል። በ1862 በገና ዋዜማ ምሽት የታየው የፔፐር መንፈስ የሚባለው ትርዒት ከተማውን አነጋገረ። ትልቅ ጠፍጣፋ መስተዋት በመድረኩ ላይ በሰያፍ ይቆማል፤ ከታች፣ ተመልካች በማያየው ጉድጓድ ውስጥ፣ ተዋናዩ ብርቱ መብራት ይበራበታል፤ ምስሉ በመስተዋቱ ላይ ነጽቶ ሕያው ከሆኑት ተዋንያን ጋር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ መብራቱ ሲጠፋ ይሰወራል። ፔፐር የኬሚስትሪ መምህር ነበርና ምስጢሩን የብርሃን ሕግ ማስተማሪያ አደርገዋለሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን መንፈሱን እንጂ ሕጉን ለማየት አልመጣም። ትምህርትና ጨዋታ በአንድ ቤት ሲያድሩ ማን ባለቤት ማን እንግዳ እንደሚሆን የመለየቱ ችግር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አለ። ቤቱ በ1881 በገንዘብ ምክንያት ተዘግቶ ለሌላ ትምህርት አገልግሎት ተሸጠ።

የታሪኩ ዋና ምዕራፍ ግን ሳውዝ ኬንሲንግተን ነው። በ1851 በለንደን የተደረገው ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ወጪውን ሸፍኖ 186 ሺህ ፓውንድ ያህል ትርፍ አስገኘ። በዚህ ገንዘብ መሬት ተገዛ፤ በመሬቱም ላይ በ1857 በሰኔ ወር የሳውዝ ኬንሲንግተን ቤተ መዘክር ተከፈተ። የመጀመሪያው ሕንፃ ከብረት ቆርቆሮ የተሠራ፣ ሦስት ጎን ለጎን የተጋደሙ የእንፋሎት ጋኖች የሚመስል ነበርና የከተማው ሰው የብሮምተን ጋኖች ብሎ አላገጠበት። ያ የተላገጠበት ቤት ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ቤተ መዘክርና፣ በ1909 ራሱን ችሎ የወጣው፣ የለንደን የሳይንስ ቤተ መዘክር እናት ነው።

የመጀመሪያው ኃላፊ ሄንሪ ኮል ነበር። ኮል ጠንካራ፣ ሥራ የማይሰለቸው፣ ጠላት ማብዛት የማይፈራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያመጣው አዲስ ነገር በአጭሩ ሲነገር ቤተ መዘክሩን በምሽት መክፈት ነው። ምክንያቱንም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ባደረገው ንግግር ገልጾታል። ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ ወደ ጠባብ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው የአረቄ ቤት መብራት ብቻ ነው፤ በከተማው ውስጥ በማታ ደምቆ የሚታይ ሌላ ቤት የለምና። እንግዲህ መንግሥት ከዚያ የሚበልጥ የደመቀ ቤት ይክፈት፤ ሠራተኛው በሥራ ልብሱ እንዳለ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይግባ፤ ይህም ለአረቄ ቤቱ ፍቱን ማርከሻ ይሆናል የሚል ነበር። ልጆቹን ይዞ ማለቱን ልብ ይሏል። የኮል ምሽት ልጅ የሚከለከልበት ምሽት አልነበረም፤ ሠራተኛ የማይከለከልበት ምሽት ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ መብራቱ ግን ከየት ይምጣ? የኤሌክትሪክ አምፑል ገና አልተፈጠረም። የነበረው ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ጋዝ ነው። ጋዝ በከተማው መንገዶችና በመደብሮች ይበራ ነበር፤ ውድ ሥዕልና መሣሪያ በተሰቀለበት ቤት ማብራቱ ግን ያስፈራ ነበር። ፍራንሲስ ፎክ የተባለው የጦር መሐንዲስ ለሥዕል ማሳያው ክፍል ከጣሪያው በታች በረድፍ የተሰካ የጋዝ ነበልባል አዘጋጀ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ጋዙ ሲነድድ የሚወጣው ጢስና ድኝ የሥዕሉን ቀለም ያበላሻል፤ ሙቀቱ ሸራውን ያደርቃል፤ እሳት ቢነሣስ? ተባለ። ጉዳዩን የሚመረምር የባለሙያዎች ጉባኤ ተቋቋመ፤ ከአባላቱም አንዱ በዚያን ጊዜ ያረጀው ማይክል ፋራዴይ ነበር። ከእርሱ ጋር ቲንዳልና ሆፍማን የተባሉት ሊቃውንት ተቀምጠዋል። በ1859 ያቀረቡት ፍርድ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የጋዙ ብርሃን በራሱ ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው ከቃጠሎው የሚወጣው ነገር ነው፤ እርሱንም አየሩን ከላይ በማስወጣት ከሥዕሉ ማራቅ ይቻላል። በዚህ ፍርድ የምሽቱ በር ክፍት ሆኖ ቀጠለ። አንድ ሺልንግ ከወንድሙ ተቀብሎ በምሽት የተማረው ሰው በእርጅናው ለሌላው ሠራተኛ የምሽት መብራት እንዲበራ መመስከሩ እንዲሁ የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልሆነልኝም።

ኮል በዚህ አልቆመም። ሰው ከሥራ ደክሞና ርቦት ስለሚመጣ በቤተ መዘክሩ ውስጥ ምግብ ቤት ከፈተ፤ በዓለም በቤተ መዘክር ውስጥ የተከፈተ የመጀመሪያው ምግብ ቤት እንደ ሆነ ይታመናል። በሳምንቱ ውስጥ በነጻ የሚገባባቸውን ቀኖችና ተማሪዎች በጸጥታ የሚሠሩባቸውን የክፍያ ቀኖች ለየ። የቀኑንና የማታውን ጎብኚም ለይቶ በማስቆጠር በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርብ ነበር። የምሽቱ በር ለይስሙላ የተከፈተ አለመሆኑን የሚያሳየው ይህ ቆጠራ ነው።

ታላቁ የብሪታንያ ቤተ መዘክር በአንጻሩ ከእሳት ፍርሃት የተነሣ ሻማም ጋዝም አላስገባም አለ። ክረምት ሲመጣና ጭጋግ ሲወርድ አንባቢዎች በእኩለ ቀን መጽሐፋቸውን አጥፈው ይወጡ ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት በንባብ አዳራሹ የገባው በ1879 ነው፤ የትርዒት ክፍሎቹ በማታ ለሕዝብ የተከፈቱት በ1890 ነው። ሠራተኛው ሙሉ ዕረፍት የሚያገኝበት እሑድ ቀን የለንደን ብሔራዊ ቤተ መዘክሮች የተከፈቱት ደግሞ ከረጅም ሙግት በኋላ በ1896 ነበር። ሰውየው ስድስት ቀን ይሠራል፤ በሰባተኛው ቀን ቤቱ ይዘጋበታል፤ ከዚያም ሠራተኛው ለዕውቀት ግድ የለውም ተብሎ ይታማል።

በጀርመን አገር በ1888 በበርሊን የተቋቋመው ኡራኒያ የሚባለው ማኅበር ሌላ መንገድ ያዘ። ጎብኚው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ሙከራውን የሚያስነሣበት አዳራሽ፣ በትልቅ መነጽር ሰማይ የሚታይበት ማማ፣ የምድርና የሰማይ ታሪክ በመድረክ ላይ በብርሃንና በሥዕል የሚተረክበት የሳይንስ ቲያትር ነበረው። በሙኒክ በ1923 የታየው የመጀመሪያው ፕላኔታሪየም፣ ማለት በክብ ጣሪያ ላይ ከዋክብትን በብርሃን የሚጥለው መሣሪያ፣ የዚህ መንፈስ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሌሊትን በቀን የሚያሳይ መሣሪያ መሆኑ ግን ለቀን ጎብኚ እንጂ ለምሽት እንግዳ አላደላም።

የሳይንስ ቤተ መዘክር የልጆች ቤት የሆነው መቼ ነው? አንድ ቀን መጥቀስ ባይቻልም አንድ ምልክት አለ። በ1931 የለንደኑ የሳይንስ ቤተ መዘክር በምድር ቤቱ የልጆች ክፍል ከፈተ። ልጆች በእጃቸው እየነኩ፣ መያዣውን እያዞሩ እንዲማሩ የተደረገበት ይህ ክፍል ከፍተኛ ተቀባይነት አገኘ፤ ሌሎችም ተከተሉት። መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን መልካም ሥራ ሁሉ ጥላ ይጥላል። መንካት፣ መጠየቅና መሳሳት የልጅ ነው፤ ቆሞ ማየትና ጽሑፍ ማንበብ የትልቅ ሰው ነው የሚል ያልተጻፈ ሕግ ቀስ በቀስ ሰፈነ። በእኛ አገር መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ ሆኖም ሽበት ያለው ሰው በልጆች መካከል ቆሞ ይህ መዘውር ለምን ይሽከረከራል ብሎ ለመጠየቅ የሚይዘው ሐፍረት ቀላል አይደለም። ልጁ አባቴ ያውቃል ብሎ እያየው ነው። አባት ደግሞ አላውቅም ከማለት ፈጠን ብሎ ወደሚቀጥለው ዕቃ መሄድን ይመርጣል። በሙያችን በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባለውን ቤት የከፈተው ፍራንክ ኦፐንሃይመር ይህን ሐፍረት በሚገባ የተረዳ ሰው ይመስለኛል። ኦፐንሃይመር በአቶም ቦምቡ ሥራ የተሳተፈ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን በ1949 በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተባርሮ በኮሎራዶ ከብት አርቢ፣ ኋላም በአንዲት የገጠር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ኖሯል። በቤቱ ውስጥ አትንኩ የሚል ጽሑፍ የለም፤ ጎብኚው ሙከራውን ራሱ ያካሂዳል። በ1971 በዚያው የተሠራው የመዳሰሻ ጉልላት ደግሞ ፍጹም ጨለማ ነው። የገባ ሰው በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ፣ እየተንሸራተተ፣ በመዳሰስ ብቻ መንገዱን ያገኛል። በጨለማ ውስጥ ማንም ማንንም አያይምና የሚሽኮረመም የለም፤ ዳኛውና ነጋዴው እንደ ሕፃን ይድሃሉ።

በለንደንም በ2003 የሳይንስ ቤተ መዘክሩ ዳና የሚባል የውይይት ማዕከል ከጎኑ ከፍቶ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ የምሽት ክርክር ያደርግ ጀመር። የሚነሡት ጉዳዮች ሊቃውንቱ ራሳቸው ያልተስማሙባቸው የሕክምና፣ የሥነ ሕይወትና የቴክኖሎጂ ጥያቄዎች ነበሩ። ይህ ለዐዋቂዎች ብቻ የሚለውን ቃል ከሁሉ የበለጠ ትርጉም የሰጠው ሥራ ነው እላለሁ። ለታመመ ወላጁ የሕክምና ፈቃድ የሚፈርም፣ ስለ ኃይል ማመንጫ አቋም የሚይዝ፣ ግብር የሚከፍል ዐዋቂው ነው፤ ቤተ መዘክሩ ግን ከእርሱ ይልቅ ከዐሥር ዓመት ልጁ ጋር ሲነጋገር ኖሯል። ማዕከሉ ዛሬ በዚያ መልኩ የለም፤ ሕንፃው ኋላ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ሆነ።

ከ2009 ወዲህ የመጡት ምሽቶች የተወለዱት ከእነዚህ ሁሉ ነው። በጎልደን ጌት መናፈሻ ያለው የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ለመግቢያ የወሰነው ዕድሜ 21 ነው፤ የአገሩ ሕግ ከዚያ በታች ላለ ሰው መጠጥ አይፈቅድምና። ኤክስፕሎራቶሪየም 18 አለ። የገባ ሰው የሚያየው ይህን የመሰለ ነው፤ መብራቱ ዝቅ ብሏል፤ የዓሣ ገንዳው ሰማያዊ ብርሃን በሰዎች ፊት ላይ ይወዛወዛል፤ ቢራውን የያዘ ጎልማሳ ስለ ሸረሪት መርዝ ተመራማሪዋን ይጠይቃል፤ ከወዲያ ባልና ሚስት ቀን ልጆች የሚሰለፉበትን መዘውር ተራ ሳይጠብቁ ይሞክራሉ። በለንደን የእንፋሎት ሞተሮች በቆሙበት አዳራሽ ውስጥ ጭፈራ ይደረጋል፤ ሙዚቃው ግን ለጨፋሪው ብቻ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ስለ ሆነ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሕዝቡ በዝምታ ሲዘልል ያያል። ሊያስቅ ይችላል። ሆኖም ከእነዚህ መካከል ትምህርት ቤት ከጨረሰ ወዲህ ስለ ሳይንስ አንድም ጥያቄ በአፉ አውጥቶ የማያውቅ ሰው መኖሩን ማሰብ ይገባል።

ኮል ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? እርሱ ሠራተኛውን ከአረቄ ቤት ለማውጣት መብራት አበራ፤ የልጅ ልጆቹ ዐዋቂውን ወደ ቤተ መዘክር ለማስገባት መጠጥ ቤቱን ወደ ውስጥ አስገቡት። ነገሩን ለማላገጫ ያህል ብቻ የሚያነሡት አሉ። እኔ በመጠጡ ብዙ አልከራከርም፤ ምግብ ቤት የከፈተው ራሱ ኮል ነውና ሰው በልቶና ጠጥቶ መማሩ ነውር የለውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኮል ነጻ ምሽት በሥራ ልብሱ ለሚመጣው ሰው የታሰበ ነበር። የዛሬው ምሽት በአብዛኛው የተማረ፣ ደመወዙ ደህና የሆነ፣ ቲያትር ቤት ወይስ ቤተ መዘክር እያለ የሚያማርጥ የከተማ ወጣት ይታሰብበታል። የአሜሪካዎቹ ምሽቶች የመግቢያ ዋጋ አላቸው፤ ገቢውም ለቤቱ ኑሮ ያስፈልጋል። ለንደን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በነጻ ማስገባቷ ያስመሰግናታል። ነገር ግን ነጻ በር ብቻውን ሰው አይጠራም። ቢሮ የሚጠርገው፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ በሆስፒታል ሌሊት ተረኛ የሆነው፣ ይህ ምሽት የእኔ ነው ብሎ እንዲያስብ ማን ነግሮታል?

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ምሽትና ትምህርት ባዕድ አይደሉም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚጠናው በሌሊት ነው፤ መጽሐፍ የማይታይበት ጨለማ ለቃል ጥናት ይመቻልና። በዘመናዊውም ትምህርት ብርሃንህ ዛሬ ነው የተባለውን ትምህርት ቤት ጨምሮ በየከተማው የማታ ትምህርት ያስተማረው ቀን የሚሠራውን ጸሐፊ፣ ወታደርና የእጅ ሙያተኛ ነው። የማታ ተማሪ የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ሰው አፍ ውስጥ ክብር ያለው ቃል ነበር፤ ደክሞ ያልተኛ ሰው ማለት ነውና። ትምህርት ቤቱ ያደረገውን ግን ቤተ መዘክሩ አላደረገውም። ቤተ መዘክር እንደ መሥሪያ ቤት ከሠራተኛው ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሲፈታ በሩ ይዘጋል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ክብ ሕንፃና በጉልላት ላይ ምስል የሚታይበት ትርዒት ቤት አለው። የጉልላት ትርዒት ጨለማ ይፈልጋል፤ ለምሽት ሥራ ከዚህ የተመቸ አይገኝም። ለምን አይከፈትም ማለት ቀላል ነው፤ ሥራውን የሚያውቁ ባልደረቦቼ ግን ሒሳቡን ወዲያው ይጀምራሉ። ተጨማሪ የዘበኛና የአስጎብኚ ደመወዝ አለ። መብራት ሲቋረጥ የሚተካ ጄኔሬተር አለ። የመጠጥ ጉዳይ በእኛ ዘንድ ቡና በመሆኑ ይቀልላል፤ ጀበናውና ረከቦቱ መታወቂያ አያስጠይቁም። ከሁሉ የሚከብደው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ሩቅ ሰፈር የሚመለሰው ሰው ትራንስፖርት ነው። ባለ መኪናው ምንም አይቸገርም፤ ሒሳቡን ካልሠራን ግን ምሽቱ የባለ መኪናው ምሽት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ከማኅበራችን አባላት መካከል ይህን ለመሞከር የሚነሣ ቤት ቢኖር ከኮል አንድ ትንሽ ነገር እንዲወስድ አሳስባለሁ፤ መዝገቡን። ለሦስት ወር ያህል፣ በሳምንት አንድ ምሽት፣ የአውቶቡስ የመጨረሻ ጉዞ ከመነሣቱ በፊት በሚያበቃ ሰዓት ይከፈት። በበሩ ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ የገባውን ሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ፈቃደኛ ለሆነው ሁሉ፣ የቀን ሥራው ምን እንደ ሆነና ከየት ሰፈር እንደ መጣ ይመዝግብ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ መዝገቡ በጉባኤያችን ላይ ይነበብ።